ሽርጥ የሚመስለው በረዶ

ኑጋርሱክ፣ ማክሰኞ ኦገስት 27

ለውድ እናቴ፣ ለልጄ ልጅ ለቦሌቴ፤

ድብ አላባረርኩም። ከሰላምታው በፊት ይህ ይታረም። በዱላዬ አላስፈራራሁትም፤ መዝሙር አልዘመርኩበትም፤ ሱቁ ውስጥ እንደሚወራውም «አንተ ባለጌ፣ ወደ ቦታህ ተመለስ!» ብዬ አልገሠጽኩትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ይህን ሁሉ ጀግንነቴን ከመንደሩ ሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ከዋና ከተማው ከኑክ፣ በስልክ፣ ካንቺ አፍ።

አሁን ሰላምታው። እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ለቆኛል። እንዴት እንደያዘኝ ወደ ታች ስታነቢ ታገኚዋለሽ። የምሰፋልሽ ጫማ ገና አላለቀም። የባሕር አውሬው የአቆስጣው ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ክሩም ጠንካራ ነው፤ ያልተመቸኝ ብርሃኑ ነው። የዘንድሮ ብርሃን ጥሩ አይደለም። የቶቢያስ ሚስት አማሊኤ ጠዋት ስታልፍ ጎራ ብላ በደርዘን መርፌ ላይ ክር ሰክታልኝ ትሄዳለች። ይህም ጊዜ ለመቆጠብ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን አንቺ በስልክ ሰው አታስጨርሺም። ስሟን የወሰድሽላት እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ ከስሙ ጋር የመጣ ይመስለኛል። መስመሬ ወደ ላይ ቢወጣ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው፤ ሱቁ ባለመስመር ወረቀት ማምጣት አቁሟል። ፊደሌ የገዘፈውም ብዕሩ ወፍራም ስለሆነ ነው። መስመር ለሳተ ጽሑፍ ስንቱን ተማሪ ከመጀመሪያው እንዳስጻፍኩ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ አይቼዋለሁ፣ አትንገሪኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ለፋሲካ መጥተሽ ስትሄጂ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ልጄ» አልሽኝ። በሃያ አራት ዓመትሽ እኔን የሰባ ስምንት ዓመቷን «ልጄ» አልሽኝ። መብትሽ ነው፤ የእናቴን ስም ተሸክመሻል። «ልጄ፣ ባሕሩ በረዶ ሆኖ ሳይረጋ በመጨረሻው መርከብ ቤቱን ዘግተሽ ኑክ እኔ ጋ ትመጫለሽ። ይህን የምትለምንሽ ቦሌቴ አይደለችም፤ እናትሽ ናት።»

እንዲህ ማለት አልነበረብሽም። የሟች ስም የተሸከመ ልጅ የጠየቀውን እንደማይከለከል ገና አፍሽን ሳትፈቺ አውቀሽ መቀሴን ወሰድሽ፣ የአንገት ጌጤን ወሰድሽ፣ የገና ስኳሬን ከነጣሳው ወሰድሽ። እሰየው። ቤት ግን ስኳር አይደለም። እሺ ማለት አልፈለግኩም፤ እምቢ ማለት ደግሞ አልችልም። «እናያለን» አልኩሽ፤ በሩንም ብርድ ገባ ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ይህ የድብ ወሬ መጣ። እሑድ ዕለት እየሳቅሽ፣ «በቃ፣ ድብ የሚያባርር ሰው ሞግዚት አያስፈልገውም። ጥያቄዬን ትቼዋለሁ፤ ቤትሽ ውስጥ እንደ ልብሽ ኑሪ» አልሽኝ። አመሰገንኩሽ። ስልኩን አስቀመጥኩት። ደስ አለኝ። ደስታው እስከ እራት ቆየ፤ እራት ላይ ዓሣውን ትቼ ወረቀት መፈለግ ጀመርኩ።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ዘንድሮ በጋ የጎብኚ መርከብ መጣች። መርከቢቱ ትንሽ ናት፤ በበረዶ መሐል እየገባች አውሬና ወፍ ማየት ለሚወዱ ሰዎች የተሠራች። የቆየውን ኑሮ የሚያስረዳላቸው የአገሩ ሰው ፈልገው መጡ። ከመንደራችን ዴንማርክኛና እንግሊዝኛ አቃንቶ የሚናገር ማን አለ? ቶቢያስ እንግሊዝኛ እችላለሁ ይላል፤ የሚችለው «ሃሎ» እና «ቢራ» ነው። እኔ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩም ልንገርሽ፤ አንቺ በሩ ላይ ስለቆምሽ ነው። መርከብ ላይ ወጥታ ወርዳ፣ በጎማ ጀልባ ተሳፍራ፣ ዳገት ወጥታ የምትመለስ ሴት ቤቷ ውስጥ ብቻዋን መኖር እንደምትችል እንድታዪልኝ ነው።

እናቴ፣ ሰው ለመዝናናት ብሎ እንዲህ ይለፋል? ገና ከእንቅልፍ ሳንነሣ ከጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያው «መልካም ጠዋት! መልካም ጠዋት!» ይላል። አንዴ አይበቃም? ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ጃኬት ለብሰዋል፤ ባልና ሚስት እንኳ ከኋላ አይለያዩም፤ አንዲት ሴት የሰው ባል ክንድ ይዛ ቁርስ ድረስ ሄዳለች። ወደ የብስ ከመውረድ በፊት የጫማ ሶል ይፋቃል፤ ሲመለሱም እንደገና ይፋቃል። የባዕድ ዘር ወደ ምድራችን እንዳይገባ ነው አሉ። በዚህ እስማማለሁ። ግን እኔን ጫማሽን አሳዪ ማለት ምን ይሉታል?

«የዚሁ አገር አፈር ነው» አልኳት ብሩሽ ይዛ የቆመችውን ልጅ።

«ደንብ ነው፣ እማማ።»

«ደንቡን ማን አወጣው?»

«እኔ አይደለሁም። እኔ የምፍቅ ብቻ ነኝ። ግራ እግርዎን ያቀብሉኝ።»

ደንብ ካሉኝ አልከራከርም፤ አቀበልኩ። ይህች ልጅ ኢቫሉ ትባላለች። ጠመንጃ ይዛ ሰዎቹን ከድብ የምትጠብቅ እሷ ናት፤ የእኛው አገር ልጅ፣ ግን ከደቡብ፣ በግ ከሚያረቡት ወገን። «የደቡብ ሰው ድብ መጠበቅ ከመቼ ወዲህ ነው የተማረው?» ብላት፣ «በግ የጠበቀ ሰው ጀርመን ጎብኚ መጠበቅ አያቅተውም፤ እንዲያውም በጎቹ ይሰማሉ» አለችኝ። ምላስ አላት። ወደድኳት፤ አልነገርኳትም።

የአውሬውን ነገር ደግሞ ስሚኝ። ዋልረሶቹ፣ እነዚያ ጥርሰ ረጃጅም የባሕር አውሬዎች፣ የተኙበት ደሴት ዘንድ ሞተር አጥፍተን፣ ትንፋሻችንን ውጠን፣ በሹክሹክታ እያወራን ተጠጋን። እነሱ ያገሣሉ፣ ይፎክታሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይፈሳል፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን የገባን ያህል ዝም። አንዲት ሴት አለቀሰች። እኔ ገና ከሩቅ በድምፃቸውና በክርፋታቸው ነው ያወቅኋቸው፤ ያየሁ ያህል ነው። የወፎቹ ገደል ዘንድም እንዲሁ፤ የትኛው ወፍ እንደሆነ በጩኸቱ ነገርኳቸው፤ አጨበጨቡልኝ። ዓሣ ነባሪ የወጣ ቀን ሁሉም ወደ ግራ ሲሮጥ እኔ ወደ ቀኝ ነበር የማየው። ቢሆንስ? በሕይወቴ ስንት ዓሣ ነባሪ ያየሁ ሰው ነኝ፤ እያንዳንዱን ማየት አለብኝ?

ሰዎቹ ግን የሚፈልጉት ድብ ነው። በበረዶው ተራራ ፊት ቆመው ድብ፣ ሾርባ እየጠጡ ድብ። ከሁሉ የባሰው አቶ ኦትማር ነበር፤ መድኃኒት ቤቱን ሸጦ የመጣ ሽማግሌ፣ የምድጃ ጭስ መውጫ የሚያህል ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። በየጠዋቱ ከገንፎው ጋር ወደኔ ጠረጴዛ ይመጣና፣ «ወይዘሮ ዶርቴ፣ ዛሬ ድብ እናያለን?» ይለኛል። «እኔ ድብ አላዝም» እለዋለሁ። «ባለቤቴ ድብ ሳታይ ነው የሞተችው» አለኝ አንድ ቀን። «የእኔም እናት ዝሆን ሳታይ ነው የሞተችው» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የባሰ ተጣበቀብኝ።

ወደ ሳርፋክ የሄድነው በዚህ መሐል ነው። ሳርፋክን በፎቶ ብቻ ነው የምታውቂው። ንግድ ቤቱ ሲዘጋ ሰዉን ሁሉ ወደ ኑጋርሱክ ስላዘዋወሩት እኔ የተወለድኩበት ቤት አሁን ድንጋይ መሠረቱ ብቻ ነው የቀረው። ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት አባትሽ ሳያገባ ነው። ከቤቱ በላይ፣ ሁለቱ ቋጥኞች መሐል፣ በጋ ከክረምት የማይቀልጥ በረዶ ነበር። ታጥቦ የተሰጣ ሽርጥ ይመስል ነበርና ሽርጡ እንለው ነበር። ውኃ የምንቀዳው ከሱ ሥር ነው። እናቴ ባልዲ እያስያዘችኝ ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ። ከደጃፋችን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀና ሲሉ ሽርጡ እዚያው ነው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽም ታገኚዋለሽ።

እነ ኢቫሉ ቀድመው ወርደው ዙሪያውን አይተው፣ ሰዎቹ ማለፍ የሌለባቸውን ቦታ በትንንሽ ባንዲራ አጠሩ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር። እኔ ደጃፋችን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቀይ ጃኬቶቹ ከበቡኝ፤ ምድጃው የት እንደነበር፣ ስንት ሆነን እንደምንተኛ ነገርኳቸው። አንዱ የበረዶ ቤት ውስጥ እንዳልተወለድኩ ሲሰማ ቅር አለው። ጭጋጉ ሲነሣ ኢቫሉ ከላይ ወርዳ መጣች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በቋንቋችን ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ ያ ቋጥኞቹ መሐል ያለው ነጭ ነገር ምንድነው?»

«ሽርጡ ነው።»

«የምን ሽርጥ?»

«በረዶ። የማይቀልጥ በረዶ። እናቴ ከሱ ነው ውኃ የምትቀዳው።»

«አምና እዚህ መጥቼ ነበር። እዚያ ቦታ በረዶ አልነበረም።»

«አምና ሌላ ቦታ ይሆናል የሄድሽው።»

«እማማ፣ ቢጫ ቢጫ ይላል።»

«ያረጀ በረዶ ቢጫ ይላል። አንቺ በግ ስለለመድሽ ነጭ ነገር ሁሉ እግር ያለው ይመስልሻል።»

«በግ ቢሆንማ በስሙ ጠርቼ አወርደው ነበር» አለች፤ ግን አልሳቀችም። የሩቅ ማያ መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝ። «እስቲ እርስዎ ይዩት።»

አየሁ። ነጭ ነበር። ሽርጡ ያለበት ቦታ ላይ ነበር። ሌላ ምን ልይ?

«ሽርጡ ነው» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

ይህን ጊዜ ተናደድኩ። እናቴ ቤት ደጃፍ ላይ፣ በእናቴ በረዶ፣ ከበግ አገር የመጣች ልጅ ታርመኛለች! «በቦሌቴ ስም!» አልኳት። «በእናቴ ስም፣ በረዶ ነው።»

በስምሽ ነው የማልኩት። ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለአንቺ እንጂ ለሌላ ለማንም አይደለም።

ኢቫሉ መነጽሯን ተቀብላኝ አንገቷ ላይ መለሰችው። ፈረንጅ ብትሆን ኖሮ መሐላዬ አይገባትም ነበር፤ ፊሽካዋን ነፍታ ሁሉንም ወደ ጀልባ ትመልስ ነበር። የእኛ ልጅ ናትና ገባት። አሮጊት በሟች እናቷ ስም ከማለች በኋላ ማን «ዋሽተሻል» ይላል? አቶ ኦትማር ደግሞ «በረዶ» የሚለውን ቃል ከጠዋት ጀምሮ ስለተማረ ሰምቶን፣ ያ ነጩ የእናቴ የውኃ መቅጃ መሆኑን እንድተረጉምለት አደረገኝና ፎቶ ላንሣው አለ። «ከባንዲራው አይታለፍም» አለችው ኢቫሉ። «ጠፍጣፋው ድንጋይ ድረስ ይሂድ፤ ምን አለበት?» ያልኩ እኔ ነኝ። ኢቫሉ አየችኝ። «እንግዲያው ከፊት እኔ እሄዳለሁ» ብላ ጠመንጃዋን ከትከሻዋ አወረደች።

ሲወጡ አየኋቸው፤ ማለት ቀዩን ጃኬት አየሁ። ከዚያ ኢቫሉ እጇን አነሣች። «አቶ ኦትማር፣ ባሉበት ይቁሙ! ሌሎቻችሁ ወደ ጀልባ! በእርጋታ! ማንም አይሩጥ!»

እኔም ተነሣሁ። ዱላዬን አነሣሁ። አሁን በደንብ ስሚኝ፤ ቶቢያስ ለአገር ሁሉ የሚያወራው ጩኸት ይህ ነው። በዚያው ቅጽበት ከአደን ሲመለስ በጀልባው የባሕር ዳሩን ሹል ጫፍ ዞሮ ብቅ ያለው እሱ ነው፤ ያየውም አሮጊት መምህርቱ ዱላዋን ወደ ተራራው ሰብቃ ስትጮህ ነው። የጮህኩት ግን ድቡ ላይ አይደለም። ኢቫሉ ላይ ነው። «በረዶ ነው!» እያልኩ ነበር የምጮኸው። «በረዶ ነው አልኩሽ! የእናቴ በረዶ ነው! ሰውን አታስደንግጪ!»

ሽርጡም በአራት እግሩ ቆመ።

አቶ ኦትማርና ድቡ መሐል የነበረው ርቀት ከቤተ ክርስቲያናችን በር እስከ መሠዊያው ቢሆን ነው። አቶ ኦትማር ካሜራውን እንኳ አላነሣም። ኢቫሉ ጠመንጃዋን ብብቷ ሥር ይዛ፣ በአንድ እጇ የጃኬቱን ማጅራት ጨብጣ ወደ ኋላ ጎተተችው፤ በሌላ እጇ የምልክት ርችቱን ከድቡ ፊት ለፊት ድንጋዩ ላይ ተኮሰች። ፈነዳ። ድቡ አንገቱን አወዛወዘ። አንድ እርምጃ ወደ ታች ቢወርድ ኖሮ መግደሏ ነበር፤ ወይም አለመቻሏ። ግን ዞረ፤ ገደሉን እየቧጠጠ ወጥቶ ሄደ። ከሲታ ነበር አሉ። እዚያ ጥላ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ሙቀቱን ሸሽቶ ነው አሉ። ሽርጡ የነበረበት ቦታ ባዶ አለት ነው። ከቀለጠ ዓመታት አልፈውታል፤ ይህንንም ከበግ አገር ልጅ ነው የሰማሁት።

ጉንፋኑ ደግሞ እንዲህ ነው የያዘኝ። ወደ ጎማ ጀልባው ስገባ እግሬን ጠርዙ ያለበት ቦታ ላይ አሳረፍኩ፤ ጠርዙ እዚያ አልነበረም። አልወደቅኩም። ባሕሩ ውስጥ ተቀመጥኩ። ልዩነት አለው። ቶቢያስ ይህንን አያወራም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚተወው ዋናውን ነው። ትምህርት ቤት እያለ አንድ አቆስጣ ያየ ቀን ሦስት ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ጀልባው መገልበጡን ግን አይጽፍም።

መርከቢቱ ላይ በፎጣ ጠቅልለው አስቀመጡኝና አጨበጨቡልኝ። ቶቢያስ በሬዲዮ ለካፒቴኑ ነግሮት ኖሯል። አቶ ኦትማር መጥቶ ተንበርክኮ እጄን ሳመ፤ እያለቀሰ። «ጩኸትዎ ነው ያተረፈኝ» አለኝ። አራት ቋንቋ እናገራለሁ፤ በአራቱም አልመለስኩለትም። እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፤ ብርድ ነበር፤ ደግሞም ሰው በየመሐሉ ያቋርጣል።

ግድግዳው ቀጭን ነው። ከወዲያኛው ክፍል የጉዞ መሪያቸው ኢቫሉን ሲቆጣት ሰማሁ። «እንግዳ ከባንዲራ አሳለፍሽ! ነጭ ነገር እያየሽ! ለምን?» እሷም፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በረዶ መሰለኝ» አለችው። በረዶ መሰለኝ! ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ በኋላ ባለው ጉዞ ጠመንጃ ሳይሆን ብሩሽ ብቻ ነው የሰጧት።

ሻይ ይዛልኝ መጣች። ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጠችውም። እጄን ያዘችና ኩባያውን መዳፌ ላይ አኖረችው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ እጀታው ላይ አጠፈቻቸው። በሕይወቴ እንደዚያ የተናደድኩበት ቀን የለም።

«ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት።

«ምን ብዬ፣ እማማ?»

«ያልኩሽን። የማልኩትን።»

«በእናትዎ ስም የተማለ ነገር ለአለቃ አይነገርም» አለች። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። «እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ባሕሩ ሲረጋ በረዶው ላይ ብቻዎን ይሄዳሉ?»

«አያገባሽም» አልኳት።

«አያገባኝም» አለች፤ አጠገቤም ተቀመጠች።

ይኸው ነው። የሆነው ይህ ነው፤ የቀረው የቶቢያስ ድርሰት ነው። ጭጋግ እንደነበረ አትርሺ። መነጽሬ ላይ የባሕር ጨው ነበረበት። የሷም የሩቅ ማያ የተስተካከለው ለሷ ዓይን ነው፣ ለእኔ አይደለም። እነዚህን ሁሉ የምጽፈው የተሟላ እንዲሆን ነው፤ ከዚህ ተነሥተሽ የፈለግሽውን መደምደሚያ እንድትደመድሚ አይደለም። ነርስነት ገና እየተማርሽ ነው፤ አልጨረስሽም።

እኔ የምደመድመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥያቄሽን የተውሽው በሐሰተኛ ወሬ ላይ ቆመሽ ነው። በሐሰተኛ ወሬ የተተወ ጥያቄ አልተተወም። ስለዚህ እንደቆመ ነው። እሺ አላልኩም፤ እንደቆመ ነው ብቻ ነው ያልኩት። ወጥ ቤትሽ ውስጥ ያ የሚጮኸው ማቀዝቀዣ እስካሁን ካለ ጥገና ያስፈልገዋል። መስኮትሽም ወደ ባሕር እንጂ ወደ መንገድ ቢሆን አልወድም፤ ወደየትኛው ነው? ነግረሽኝ ነበር፣ አላዳመጥኩም።

እናቴ ስትሞት ቤቷ ሞቅ ያለ ነበር፣ እጇ ግን ቀዝቃዛ። በስሟ በተጠራሽበት በመጀመሪያው ቀን እጅሽን ይዤ ሞቃት መሆኑን ሳውቅ ምን እንዳልኩ አልነገርኩሽም፤ አሁንም አልነግርሽም። ሙቀቱ አይለይሽ። ፈተናሽን እለፊ። የምትይዣቸው ሕመምተኞች ሁሉ ቀጥ ብለው ይሂዱ። መንገድሽ ላይ በረዶው ወፍራም ይሁንልሽ፤ የሚሰነጠቀውም ሳትረግጪው ይጩህ።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ የማደርገው ይህ ነው። ቶቢያስ ሱቅ ሄዶ አፉን ሳይከፍት ቤቱ እሄድና የሆነውን እንዳለ እነግረዋለሁ፤ ሁለቴ፣ እሱ መልሶ እስኪነግረኝ ድረስ። ጠመንጃዬን ይዤለት እሄዳለሁ፤ ሳይጸዳ የሚቀመጥ ጠመንጃ ይዝጋል። ከዚያ ለመርከቡ ድርጅት እጽፋለሁ፦ በረዶ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ድብ ነው ያለችው ኢቫሉ ናት፣ ጠመንጃዋ ይመለስላት። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን የዓይን ሐኪሙ መቼ እንደሚመጣ፣ የመጨረሻው መርከብም መቼ እንደሚነሣ እጠይቃለሁ፤ የምጠይቀው ለማወቅ ያህል ነው። ስመለስ ሱቁ ባዶ ካርቶን ካለው ሁለት አስቀምጡልኝ እላለሁ። ከዚያ ጫማሽን ይዤ አማሊኤ ዘንድ እቀመጣለሁ፤ ጊዜ ለመቆጠብ ነው አልላትም። «አማሊኤ፣ መርፌው ላይ ክር ስኪልኝ» እላታለሁ።

ልጅሽም አያትሽም፣
ዶርቴ